የካሰች የገለባ ጥጆች

ጣሊያን ድንበር ማዶ ያለችውን የሱዳኗን ገላባትን የያዘበትን ክረምት ሳስብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣብኝ ሽታው ነው። እርጥብ ዋልካ አፈር፣ የሻገተ ገለባ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ከጥጆች ማደሪያ የሚወጣ አንድ የኮመጠጠ ነገር፣ እንደተበላሸ ወተት ያለ። ደገኛ ክረምት ሲባል ብርድ ነው የሚያስበው። በኛ ቆላ ግን ክረምት ሙቀቱን አያስወጣውም፤ ያረጥበዋል እንጂ። ልብስ ገላ ላይ ይለጠፋል፣ እንጨት ይጨሳል እንጂ አይነድም፣ ጭቃው እግር ከያዘ አይለቅም። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ አድጎ ሰፈሩን ዙሪያውን ይከበዋል፤ ከደጅ ወጥቶ ሩቅ ማየት የለም። ሰው መምጣቱን የምናውቀው ማሽላው ሲንኮሻኮሽ ነበር። ማን እንደሆነ እስኪወጣ ድረስ ማንም አይተነፍስም።

ሰፈራችን ከኮኪት ወደ ሽንፋ ወንዝ በሚወስደው ሜዳ ላይ የተበተኑ ጥቂት ጎጆዎች ነበሩ። ወንዶቹ ጣሊያንን ሊወጉ ዱር ገብተዋል። ባሌ ያረጋልና ታላቅ ወንድሙ ፈረደም አብረው ነበሩ። የቀረነው ሴቶችና ልጆች ነን፣ ከወንድ ደግሞ እርጅና ያስቀራቸው አያ እንግዳው። እኔ ከጭልጋ ተድሬ ከመጣሁ ገና ብዙም አልቆየሁም። የምጽፍላችሁ ስለ ፈረደ ሚስት፣ ስለ ካሰች ነው። አንድ አጥር ውስጥ ነበር የምንኖረው። እታለም እላት ነበር፤ በዕድሜም በወግም ትበልጠኛለች።

ካሰች ከወገራ የመጣች ረዥም፣ ቀጭን ሴት ነበረች። ስትስቅ አፏን በእጅጌዋ ትሸፍናለች፤ የፊት ጥርሷን ላም ረግጣ ሰብራባታለች። "ያችን ላም እስከ ዛሬ እወዳታለሁ፤ የረገጠችኝ ጥጃዋን ልወስድባት ስል ነው፤ እኔ ብሆን ሁለቱንም ጥርስ ነበር የማወልቀው" ትል ነበር።

የኛ አገር ላም ጥጃዋ አጠገቧ ካልቆመ ወተት አታወርድም። መጀመሪያ ጥጃው ይጠባላታል፣ ከዚያ እሱን እየላሰች ትታለባለች። ጥጃው ሞተ ማለት ላሚቱ ነጠፈች ማለት ነው። ካሰች ግን ለዚህ መላ ነበራት። ጥጃ ሲሞት ሰው ይላክባታል። ቆዳውን ከነራሱ ሳትቀድ ትገፍፈዋለች፣ ውስጡን በጨው ታሸዋለች፣ ደረቅ ገለባ ትሞላዋለች፣ ሆዱን በልጥ ትሰፋዋለች። ጀርባውንም በጨው ውሃ ታብሰዋለች። ከዚያ እናቱ ፊት ታቆመዋለች። ላሚቱ ታሸታለች፣ ትጠራጠራለች፣ ጨዉን ትቀምሳለች። ካሰች ግንባሯን ከላሚቱ ጎን አስደግፋ በቀስታ ታንጎራጉራለች፦

"ነይ እናቱ፣ ነይ የኔ እመቤት፣
ልጅሽ ቆሟል፣ አውርጂለት።"

ላሚቱም ገለባውን እየላሰች ወተቷን ትለቃለች። እኔ መጀመሪያ ሳየው ዘገነነኝ። በዓይኑ ቦታ ቀዳዳ ነው፤ እግሩ ደርቆ እንደ እንጨት ቀጥ ብሏል። ላሚቱ ግን እንደ ልጇ ነበር የምትልሰው።

የካሰች የገለባ ጥጃ ብቻውን አያድርም። "የጥጃ ጠረን ከለቀቀው ላሚቱ ትነቃለች" ትላለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ማታ ከሕያዋኑ ጥጆች ጋር፣ ማደሪያቸው ውስጥ መሀላቸው እንዲቆም ታዛለች። ይህንን ከእናቷ ነው የተማረችው፣ እናቷም ከእናቷ። ማንም "ለምን?" ብሎ አልጠየቃትም። ሁሉም ቤት እንዳለችው ያደርግ ነበር።

በዚያ ዓመት ካሰች ሕፃን ነበረቻት። እሷ የወለደቻት አይደለችም። ታናሽ እኅቷ አየሁሽ በአራስነቷ ንዳድ ይዟት ሞተችና ልጅቱ ካሰች እጅ ላይ ቀረች። ስሟን ሙሉአለም አልናት። ሰፈሩ ውስጥ የምታጠባ ሴት አልነበረችም። የካሰች ላም ዳለቻ በዚያው ሰሞን ወልዳ ስለነበር ካሰች ወተቱን እያቀጠነች፣ ንጹሕ ጥጥ እየነከረች፣ ጠብ ጠብ እያደረገች ታጠጣት ጀመር። "እግዜር ሁለቱን አንድ ላይ ነው የላካቸው" አለችኝ አንድ ቀን፣ ልጅቱን በአንድ ክንዷ፣ የዳለቻን ጥጃ በሌላው ይዛ። "ይኸ ሲጠባ ይህች ትጠጣለች። ይኸ ካልጠባ..." አልጨረሰችውም። መጨረስ አያስፈልግም ነበር። የዳለቻ ጥጃ ከሞተ ሙሉአለም የምትቀምሰው የላትም። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

መጀመሪያ የታመመው የአያ እንግዳው አዲስ የተወለደ ጥጃ ነው። እንደ ደንቡ እንገሩን፣ የመጀመሪያውን ወተት፣ ቀቅለን ለጎረቤት አከፋፍለናል። ጥጃውም እንዳይቀምሰው አፉ ታስሯል፤ እንገር ጥጃ ያስቀምጣል ይባል ነበር። ጥጃውን ግን ያለ እንገሩም አስቀመጠው። ሲነሣ ይንገዳገዳል፣ ጅራቱና ኋላ እግሩ በነጭ ተቅማጥ ተለጥፏል፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ሰምጧል። ካሰች ጆሮውን ጨበጥ አድርጋ እጇን ቶሎ አነሣች። ቀዝቅዟል።

"አያ፣ እንገር ቀምሶ እንዳይሆን?" አለች።

"ኧረ ምኑን ቀምሶ! እኔ ነኝ ሙልጭ አድርጌ የበላሁት።"

"እንግዲያማ ተቅማጡ ቤት ተሳስቷል። የርስዎ ነበር።"

አያ እንግዳው ሳቁ፣ እኛም ሳቅን። ጥጃው በማግስቱ ሞተ። ካሰች ገፍፋ፣ ሞልታ፣ ሰፍታ አቆመችላቸው፤ ላሚቱም ወተት ሰጠች። ማታ የገለባው ጥጃ ከሌሎቹ ጋር ገባ። ሳምንት ሳይሞላ ሌላው ጥጃቸው ቂጡን በነጭ ለወሰ። ከዚያ የጎረቤታችን የአገኘሽ ጥጃ ታመመ። ከዚያ በታች በኩል ያሉት። እየተጠራች፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች፣ ካሰች ከገፈፋ በቀር ሥራ አልነበራትም።

ስለ ጨዉ ልንገራችሁ። በሰላሙ ጊዜ ሙሚና የምትባል የመተማ ነጋዴ በአህያ ጨውና ስኳር ከገላባት ታመጣልን ነበር። ጣሊያንና እንግሊዝ ድንበሩ ላይ ሲፋጠጡ መንገዱ ተዘጋ። ከብት ጨው አጣ። ላሞች ሰው የሸናበትን አፈር ይልሱ ጀመር፣ ጥጆች የቤት ግድግዳ ይግጣሉ። ካሰች ከድሮ የቀረቻትን አሞሌ በጎረቤት ጥጃ ቆዳ ላይ ነበር የምትጨርሰው። አንድ ማለዳ ጥጆቹን ልንለቅ የአገኘሽን ማደሪያ ብንከፍት፣ ሕያዋኑ ጥጆች በሙሉ የገለባውን ጥጃ ከበው ጀርባውን፣ ሆዱን፣ ጭራውን ይልሳሉ። አንዱ ዓይኑ በነበረበት ቀዳዳ ምላሱን ሰዷል።

"ተመልከቺማ" አለችኝ ካሰች፣ ደስ ብሏት። "ወንድማቸውን ይስማሉ።"

እኔም ደስ አለኝ፣ ምን ልበላችሁ።

በስተርጅናዬ፣ ልጄ ቤት ኮኪት ተቀምጬ ሳለሁ፣ የከብት ሐኪም መጥቶ ገበሬዎቹን ሰብስቦ ሲያስተምር ጥግ ይዤ ሰማሁ። አዲስ የተወለደ ጥጃን የሚያስቀምጠው አንድ ነገር ብቻ አይደለም አለ፤ ዓይን የማያያቸው ብዙ ዓይነት ተሕዋስያን አሉ። አንዳንዱ በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ ይይዘዋል፣ አንዳንዱ ቆየት ብሎ፣ አንዳንዱ ደግሞ ከጥጃ ወደ ሰው ልጅም ይሻገራል። ሁሉም ግን መንገዳቸው አንድ ነው፤ ከታመመው እበት ይወጣሉ፣ በጤነኛው አፍ ይገባሉ። በጭቃ፣ በገለባ፣ በእጅ፣ በቆዳ። እንገር ደግሞ ጥጃውን የሚያስታጥቀው ጋሻ ነው፤ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ካልጠጣ ባዶ እጁን ወደ ጦርነት እንደ መላክ ነው አለ። ሰዎቹ ጥያቄ ይጠይቁ ነበር። እኔ ያን ማለዳ፣ የአገኘሽን ጥጆችና ምላሳቸውን ነበር የማየው። ተነሥቼ ወጣሁ።

ያን ጊዜ ግን ይህን የሚነግረን አልነበረም። የምናየው አንድ ነገር ነው፤ ካሰች የገባችበት በረት ሞት ይገባል። ካሰች የምትጠራው ጥጃ ሲሞት ስለሆነ ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም። ወይም አስቦ ዝም አለ።

መጀመሪያ አፍ አውጥታ የተናገረችው አገኘሽ ናት። አገኘሽ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ምላሷ የምታመጣ ሴት ናት። ከጥጆቿ አንዱ ሞቶ የገለባ ጥጃ ሆኗል፤ ከቀሩት አንዱ ደግሞ ገና ሊጠና ሲጀምር አስቀመጠው። ካሰች ልታየው መጥታ በረቱ በር ላይ ስትደርስ አገኘሽ እጇን ዘርግታ ቆመች።

"አንቺ አትግቢብኝ።"

"ምን ሆንሽ?"

"እጅሽ ነው። የነካሽው አይቆምም። ዓይንሽ ይሁን እጅሽ እግዜር ይወቀው፣ ግን ካንቺ ነው።"

ካሰች ስትስቅ እንደምታደርገው አፏን በእጅጌዋ ሸፈነች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አልሳቀችም። ተመልሳ ሄደች።

አገኘሽ የዚያኑ ዕለት የገለባውን ጥጃ ከማደሪያው ጎትታ አወጣችና ደጇ ላይ አቃጠለችው። እርጥብ ነበርና ጢሱ ሰፈሩን ሁሉ አለበሰው። ከዚያ የማደሪያውን ወለል ጠርጋ፣ አመድ ነስንሳ፣ አዲስ ሣር አነጠፈች። የታመመውን ጥጃ ብቻውን ከቤቷ ምድጃ ጎን አሳደረችው፤ ካሰች እንዳትመለከተው ነው። የሞቀ ውሃ በቀረቻት ቁንጥር ጨውና በማር እየበጠበጠች አጠጣችው። ጥጃው ተረፈ።

ሰፈሩ ይህን አየ።

እኔም ያየሁትን ልንገራችሁ። አገኘሽ በከለከለቻት ዕለት ማታ ካሰች ሙሉአለምን ልታጠጣ ጥጡን ወተት ውስጥ ነክራ፣ ወደ ልጅቱ አፍ ስታስጠጋ እጇ ቆመ። ጣቶቿን አየቻቸው። ለካ ቀኑን ሁሉ ስትገፍፍ ውላ በሣር ብቻ ነበር የጠረገቻቸው። በሣር መጥረግ ያን ጊዜ መታጠብ ነበር፤ ውሃውም የኩሬ ነው።

"አንቺ ስጪያት" አለችኝ።

"እታለም፣ የሰው ወሬ ይተዉት።"

"ወሬ አይደለም። ዛሬ የዳለቻን ጥጃ ጣቴን አፉ ውስጥ ከትቼ አጠባሁት። እንዲለምድ ብዬ።" ድምጿ ወረደ። "አገኘሽ ውሸቷን ከሆነ ምንም አይሆንም። እውነቷን ከሆነ ግን..."

ከጥቂት ቀን በኋላ የዳለቻ ጥጃ ሳይነሣ አረፈደ።

ካሰች እንደዚያ ስትጨነቅ አይቻት አላውቅም። የተልባ ውሃ አጠጣችው፣ የምድጃ አመድ አላሰችው፣ ጸበል ረጨችው፣ ዳለቻ አጠገብ አቁማ ልትደግፈው ሞከረች። ጉልበቱ ይታጠፋል። ዳለቻ ትልሰዋለች፣ እሱም በጎኑ ይወድቃል። ተቅማጡ መጨረሻ ላይ ውሃ ብቻ ሆነ። ካሰች ልጅቱን በጀርባዋ አዝላ ጥጃው ጎን ተቀምጣ ዋለች። ሙሉአለም ተርባ ታለቅሳለች፣ ጥጃው ግን ድምፅ የለውም። ማታ ላይ ሞተ።

ካሰች ተነሥታ ቢላዋዋን ሳለች።

"አሁንም ልትሠሪው ነው?" ያለኳት ድንገት ነው፤ ማክበሩን ረሳሁት።

"ሙሉአለም ነገ ምን ትጠጣ?" አለች።

ይህኛውን የገለባ ጥጃ ከሁሉም አሳምራ ነው የሠራችው። ዳለቻ ተቀበለችው። ወተቱ ቀነሰ እንጂ አልቀረም፣ ለአንዲት ሕፃን ይበቃ ነበር። ካሰች ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታልበው እሷ ናት፣ የማጠጣው እኔ። ልጅቱን አዝዬ እንድውል ታደርገኝ ነበር። ከሩቅ ቆማ "ጠጣች? ስንት ጥጥ ጠጣች?" ትላለች። ያም ሆኖ ሙሉአለምን አስቀመጣት። ጨርቋን ስፈታ ያ የኮመጠጠ ሽታ፣ የጥጆቹ ማደሪያ ሽታ፣ ከሕፃኗ ወጣ። ለካሰች አልነገርኳትም። ግን አፍንጫ አላት።

የሰፈሩ ሰው ቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ዝንቡ ግን ዓይን አያስገልጥም። አያ እንግዳው በትራቸውን ተደግፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ካሰች ልጄ፣ ማንም ክፉ ነሽ አላለም።"

"ሁሉም ብሏል አያ። እርስዎ ብቻ ነዎት በቀስታ የሚሉት።"

አያ እንግዳው መሬት መሬት አዩ። "ያቆምሻቸው የገለባ ጥጆች በሙሉ ይቃጠሉ ተብሏል። የኔንም አቃጥዬአለሁ። አገኘሽ ስታቃጥል ተረፈላት፤ ይኸን ሁሉም አይቷል።"

"የኔ ቤት ጢሱ ሲወጣ ሞቱም አብሮ ወጣ" አለች አገኘሽ።

"ያ ያቃጠልሽው ገለባ ስንት ማለቢያ ወተት አጠጣሽ፣ አገኘሽ?" አለቻት ካሰች።

"አጠጣኝ። ጥጃዬንም በላኝ።"

ካሰች ወደ ሁሉም ዞረች። "የሁላችሁንም አቃጥሉ። የኔን ግን ተዉልኝ። የኔ ቤት ሌላ ጥጃ የለም፣ ማንንም አይገድልም።"

"ያንቺ ቤት ነው የሁሉም ምንጭ" አለች አንዷ ከኋላ።

"ይኸን ካቃጠላችሁ ሙሉአለምን ማን ያጠጣታል? ጥጃ የቀረው ይነሣ። አገኘሽ?"

አገኘሽ ክፉ ሴት አይደለችም። ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጅ አየቻት፣ ፊቷ አንድ ጊዜ ለሰለሰ። ከዚያ ዓይኗ የልጅቱ ጨርቅ ላይ አረፈ፣ ሽታውም ደረሰባት መሰለኝ፣ ወደ ኋላ ሸሸች።

"ከቤቴ የወጣ ወተት እናንተ ቤት ከገባ ላሜ ትነጥፋለች። ልጅቱንም ከጥጃዬ ጋር አላሳድራትም። የአምላክ ያለህ፣ እኔም ልጆች አሉኝ።"

ሌላ የተነሣ የለም።

የካሰችን የገለባ ጥጃ ያወጡት አያ እንግዳው ራሳቸው ናቸው። ካሰች አልታገለቻቸውም። ዳለቻ ግን ተከትላቸው ሄደች። እሳቱ ዳር ቆማ አፍንጫዋን ወደ ጢሱ እየዘረጋች ታገሳ ነበር። ያን ቀን ማታ ካሰች ለማለብ ብትቀመጥ ዳለቻ ወተቷን ያዘችባት። "ነይ እናቱ፣ ነይ የኔ እመቤት" ብትላት ብትላት ጠብ አላለም። በሚቀጥለው ቀንም። ከዚያ ነጠፈች።

ማቃጠላቸው ትክክል ነበር፤ ሞቱ እየቀነሰ ሄዶ ያቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ዕድሜዬን ሁሉ ይህን እያሰብኩ ከሁለቱም ወገን መሆን አልቻልኩም። ያቃጠሉበት ምክንያት ስሕተት ነበር፣ ያቃጠሉት ነገር ግን መቃጠል ነበረበት፣ ሙሉአለምን የሚያጠጣት ግን አንድም ሰው አልተገኘም።

ሙሉአለምን የማሽላ አጥሚት አቅጥነን ሰጠናት። አልረጋላትም። ማልቀስም ተወች። ካሰች የዓይኗን ጉድጓድ እያየች "እንደ ጥጃው" አለች አንድ ጊዜ፣ ከዚያ አልደገመችውም።

ማሽላው የተንኮሻኮሸው በዚያ ሰሞን ነው። ባንዳ መስሎን ተደናግጠን ስንቆም ሙሚና ወጣች፣ አንዲት አህያ ብቻ እየነዳች። መተማ ወታደር ሞልቶታልና ዕቃዋን ይዛ በዱር በኩል ወደ ሱዳን ልትሻገር ነበር። ልጅቱን ከጀርባዬ አውርዳ ዳሰሰቻት። የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደ ቆመ ቀረ።

"ወላሂ፣ ይህች ልጅ እዚህ ከቆየች አትተርፍም" አለች። "ከድንበሩ ማዶ፣ ዶካ፣ እኅቴ ረቢዓ አለች፣ ፍየሎች አሏት። ፍየል እንደናንተ ላም አትኮራም፤ ግልገሏ ኖረ አልኖረ ታልቢያታለሽ።"

ካሰች እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ቆማ ነበር። "የነካሁት ይሞታል ይላሉ፣ ሙሚና። የእኅትሽን ፍየሎች ብፈጅስ?"

ሙሚና አየቻት። ከአህያዋ ላይ የውሃ ቅሏን አወረደች።

"እጅሽን አምጪ። ክፉም ይሁን ደግ፣ እጅ ይታጠባል።"

ካሰች ከምድጃችን አመድ ዘግና፣ ሙሚና ውሃ እያፈሰሰችላት፣ እስከ ክርኗ ታጠበች። የጥፍሮቿን ሥር በእሾኽ ፈለቀቀች። እንደገና ታጠበች። ሙሚና "ኧረ ይበቃል፣ መንገድ ላይ የምንጠጣው ነው!" እስክትላት ድረስ። ከዚያ ልጅቱን ከእጄ ተቀበለች። ከጥጃው ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታቅፋት ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

"እኔም ልምጣ፣ እታለም?"

"ዳለቻን ማን ይጠብቃት? ባልሽስ መጥቶ ቤት ባዶ ቢያገኝ?" ልጅቱን አዘለች፣ አንቀልባውን አጠበቀች። "ፈረደ መጥቶ ወዴት ሄደች ካለሽ፣ ወተት ፍለጋ በይው። ሌላ ነገር አትንገሪው።"

አያ እንግዳው ከቤታቸው ደጃፍ ቆመው ያዩ ነበር። እጃቸውን ሊያነሡ ብለው መልሰው አወረዱት። አገኘሽ ከቤት አልወጣችም። ማሽላው ተከፈተና ተዘጋ። ለጥቂት ጊዜ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፣ ከዚያ ነፋሱ ይሁን እነሱ መለየት አቃተኝ።

ብዙ ሳይቆይ፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ከመተማ በኩል የእንግሊዝና የጣሊያን መድፍ ያጓራ ጀመር። መሬቱ ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። ላሞቹ ፊታቸውን ወደዚያው አዙረው ቆሙ። እኔ የማስበው ካሰችና ልጅቱ በየትኛው ጎን እንዳሉ ነበር፤ ከመድፉ ወዲህ ወይስ ወዲያ።

ሙሚና የመጣችው በበጋው፣ የካቲት ላይ ነው፣ መንገዱ ትንሽ ሲላላ። ገና ከሩቅ "አለች! አለች!" እያለች። ሙሉአለም መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ሞተች ብለው እንደነበር፣ ካሰች ግን እየታጠበች በጣቷ ጫፍ ውሃ እያንጠባጠበችላት እንዳደረሰቻት፣ በፍየል ወተት ቀስ በቀስ እንደረጋላት፣ አሁን ጥርስ እንዳወጣች፣ የረቢዓን ጣት እንደነከሰችም ነገረችኝ። ካሰች ከፍየሎቹ ጋር ትውላለች፣ ሁልጊዜ ሳትታጠብ አትነካቸውም፣ ረቢዓም "ይህች ሐበሻ ውሃዬን ጨረሰችብኝ" እያለች ትስቃለች አለች። አንድም ፍየል አልሞተም። "ትመጣለች?" ብዬ ጠየቅኋት። ሙሚና ትከሻዋን ሰበቀች። "ሰፈሩ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ጥጆቹ ቆሙ ወይ አለችኝ። ቆሙ አልኳት። እንግዲያ ደህና አለች፣ ስለ መምጣት አላነሣችም።"

ጣሊያን ሲወጣ ፈረደ በሕይወት ተመለሰ። የነገረችኝን ነገርኩት፣ ወተት ፍለጋ ብዬ። ወደ ዶካ ሄዶ ሲደርስ ረቢዓ ግቢዋን ለቃ ነበር። ወዴት እንደሄደች፣ ካሰችም አብራት ትሁን አትሁን የሚያውቅ አላገኘም። አንዱ ገዳሪፍ አለው፣ ሌላው ወንዙን ተከትለው ወርደዋል አለው። ገዳሪፍ ድረስ ሄዶ አላገኛትም። እኔም ከዚያ ወዲህ ከሱዳን የመጣውን ሁሉ ስጠይቅ ኖርኩ። ያያት የለም። ለመጨረሻ ጊዜ በርግጥ የታወቀው፣ ካሰች በ1933 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ሱዳን ውስጥ፣ ዶካ፣ በረቢዓ ግቢ ከሙሉአለም ጋር እንደነበረች ነው።